ካተኮሰህ ተመርመር

ለታናሽ ወንድሜ ለደምሌ፦ ከጋይንት መተማ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ደኅና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ባለሙያ ስለ ወባ ቁጥር እየደረደረ ፀሐይ ላይ አቆየን። ጎረቤታችንን የሺን «ምን አለ?» ብላት «እኔ እንጃ!» አለችኝ። ተናድጄ ተነሣሁና «አምና የመንደራችን ልጅ መሐሪ ቆላ ወርዶ ትኩሳቱን ድካም ነው ብሎ ተኛ። ከመኪና መንገድ በቃሬዛ ተሸከምነው፤ ከዚያ አልተነሣም። ካተኮሰህ ተመርመር!» አልኳቸው። አሁን ሕፃናቱ ሳይቀሩ «ካተኮሰህ ተመርመር!» ይላሉ።

አንተን ግን ምን ይሻልሃል? «ትንሽ አተኮሰኝ፣ ድካም ነው» ብለህ ከዘጋህ ወዲህ ስልክ አታነሣም። እናታችን ስልኩን ከእጇ አላወጣችም።

ይህን ወረቀት ወደ አንተ ለሚወርደው ለወርቅነህ ሰጥቼዋለሁ። እኔም ሐሙስ እከተለዋለሁ፤ ሌላ ነገር የለውም፣ ልቆጣህ ብቻ ነው።

ፈጣሪ በጤና ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እኅትህ ፍቅርተ