ስምንት ዓመት በሳህን፦ የአቶ አለምሰገድ ወልደየሱስ የሕይወት ታሪክ

አቶ አለምሰገድ ወልደየሱስ ከአባታቸው ከመምህር ወልደየሱስ አበጋዝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪዳነምሕረት ጋሻዬ ጥቅምት 12 ቀን 1953 ዓ.ም. በገረሴ ተወለዱ። አባታቸው ሁለት ዓመት አስተምረህ ትመለሳለህ ተብለው ከመንዝ የተላኩ መምህር ነበሩ። ሁለቱ ዓመት ሠላሳ አራት ሆኖ፣ እዚያው አርጅተው እዚያው ተቀበሩ። ለአጭር ጊዜ ብሎ ሄዶ መቅረት በዚህ ቤተሰብ የተጀመረው እንግዲህ በአቶ አለምሰገድ አይደለም።

አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አባታቸው በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ተከታተሉ። የመምህር ልጅ በመሆናቸው ሌላው ተማሪ አንድ ሲገረፍ እሳቸው ሁለት ይገረፉ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን ለመማር ወደ አርባ ምንጭ ወርደው፣ ስንቃቸውን ከደጋ እየተሸከሙ በኪራይ ቤት አራት ዓመት ኖሩ። በ1971 ዓ.ም. ከአባያ ሌላ ትልቅ ውሃ አይተው ሳያውቁ በባሕር ኃይል ተቀጠሩ። በምጽዋ የመርከብ ሞተር ጥገና ሠልጥነው ለአሥራ ሁለት ዓመታት አገልግለዋል። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ሻንጣና አንድ ሳጥን መፍቻ ይዘው ወደ አርባ ምንጭ ተመለሱ፤ በሐይቁ ላይ እንግዳ የምታመላልስ ጀልባም ላይ ሞተሪስት ሆነው ተቀጠሩ።

በ1985 ዓ.ም. ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለሙት የአቶ ኦይታ ልጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ማሚቱ ኦይታ ጋር ትዳር መሠረቱ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ ባለቤታቸው ጸሎት ቤት እየሄዱ፣ እሑድ ምሳ ላይ በአንድ ትሪ ይገናኙ ነበር። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ብዙ ተናግረው ሲደክማቸው ተዉት። ከዚህ ጋብቻ በ1987 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸው ካሌብ፣ በ1990 ዓ.ም. ሴት ልጃቸው ዕድላዊት ተወለዱ። ዕድላዊት ከአባቷ ጎን ካልተቀመጠች እህል በአፏ የማይዞር ልጅ ነበረች። አባቷ ከሐይቅ እስኪመለሱ ምሳዋን ሳትነካ ትጠብቅ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

በጥር ወር 1997 ዓ.ም. ሆላንዳውያን ባልና ሚስት አዞ ሊያዩ መጥተው አቶ አለምሰገድ ጀልባ ላይ ተሳፈሩ። ሐይቁ መሐል ሞተሩ ጠፋ። አዞዎቹ እያዩዋቸው፣ አቶ አለምሰገድም እያፏጩ፣ ፈትተው ገጥመው አስነሡት። እንግዶቹ ያት የሚሉትን ባለሸራ የመዝናኛ ጀልባቸውን ጅቡቲ አቁመው የመጡ ጡረተኞች ነበሩና ለአንድ ዓመት አብረዋቸው እንዲሠሩ ጠየቋቸው። ቤታቸው ጣሪያ ሳይለብስ የቆመበት፣ ዕድላዊትም ትምህርት የጀመረችበት ጊዜ ነበር። ለአንድ ዓመት ብለው ሄዱ።

በሲሼልስ፣ በኮሞሮስ፣ በዛንዚባርና በማዳጋስካር ዙሪያ ካሉት ደሴቶች እሳቸው ያልረገጡት ጥቂት ነው። ሞተር ሊጠግኑ ተቀጥረው ሸራ ጎታች፣ መልሕቅ ጣይ፣ በመጨረሻም ወጥ ሠሪ ሆኑ። የባሕር ወንበዴ ሲበዛ ወደ ጅቡቲ መመለሱ ቀረና ጀልባዋ እዚያው በደቡቡ ውሃ ትዞር ጀመር። በየዓመቱ ለእረፍት መምጫ ያሏትን ገንዘብ ያስቀምጡና፣ ወይ ጣሪያው፣ ወይ ግድግዳው፣ ወይ የልጆቹ ትምህርት ይቀድምና ይልኳታል። እዚህ የተቀመጣችሁ ብዙዎቻችሁ ቤቱ ሲያድግ አይታችሁ እንኳን ደስ አላችሁ ብላችሁናል። እኛም እንኳን አብሮ ደስ አለን ብለናል።

እነዚያ ባለጀልባዎች አንድ ልማድ አላቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በአንድ ውሃ ላይ መልሕቅ የጣሉ ሁሉ ከአንዱ ጀልባ ላይ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ የሠራውን በድስት፣ የሚበላበትን ሳህን፣ ሹካና ኩባያ ደግሞ በእጁ ይዞ ይመጣል። በባሕር ላይ ንጹሕ ውሃ ብርቅ ስለሆነ የሰው ሳህን የሚያጥብ የለም። በልቶ፣ ስቆ፣ ስለ ነፋስ አውርቶ ሲያበቃ ሁሉም የቆሸሸ ሳህኑን ይዞ ወደ ጀልባው ይመለሳል። አቶ አለምሰገድ ለእህታቸው ለሻሺቱ በጻፉት ደብዳቤ ላይ “ሻሺ፣ እዚህ ሰው ሁሉ አብሮ ይበላል፤ ግን የማንም እጅ ከማንም እጅ አይገናኝም። ሳህናቸውን ይዘው ሲሄዱ ሳይ ከግብዣ ሳይሆን ከስብሰባ የወጡ ይመስለኛል” ብለው ነበር።

መጀመሪያ ላይ እንደ አገራቸው ወግ “በሞቴ፣ ትንሽ ጨምሩ” እያሉ ሰውን ያስቸግሩ ነበር። አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት አልበላም ማለት ነውር መስሏቸው አራት ጊዜ ሽሮ ተጨመረላቸውና ሁለት ቀን ታመው ተኙ። ከዚያ ወዲህ አቶ አለምሰገድ መለመኑን ተዉት። ለሁሉም በጭልፋ እኩል ያወጣሉ፤ የራሳቸውን ድርሻ በሳህናቸው ይዘው ጥግ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲጨርሱ ሳህናቸውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ቦታው ይመልሳሉ። ስምንት ዓመት ይህንኑ አደረጉ። ሰው ስምንት ዓመት ያደረገውን እጁ ያውቀዋል፤ ራሱ ግን ማወቁን አያውቅም።

በዚህ ጊዜ አርባ ምንጭ ላይ ምን እንደነበር መናገር የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሆነችው የታናሽ እህታቸው የሻሺቱ ድርሻ ነው። ዕድላዊት አባቷ ከሄዱ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከትሪው ጫፍ አንድ ቁራሽ እንጀራ ከነወጡ ትለይና “የአባባ ነው” ብላ ማንንም አታስነካም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ያችን ቁራሽ ራሷ በላቻት፤ ከዚያ በኋላ አልለየችም። ሻሺቱ ይህን ሁሉ እያየች በየወሩ “ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ አታስብ” ብላ ትጽፍላቸው ነበር። እውነቱን ጽፋላቸው ቢሆን ኖሮ ጣሪያውን ትተው ይመጡ ነበር ብላ ታምናለች። ለወንድሟ አዝና ያደረገችው ነው፤ እንዲህ ያለው ማዘን ግን ለማንም አይጠቅምም።

ባለጀልባው አርጅተው ጀልባዋ ስትሸጥ፣ አቶ አለምሰገድ በሰኔ ወር 2005 ዓ.ም. ተመለሱ። አቶ ኦይታ በግ አረዱ። ወይዘሮ ማሚቱ በበቆሎና በጎመን ኩርኩፋ ሠርተው፣ የቃሪያ ማጣቀሻውን ዳጣ አዘጋጅተው፣ በሠርጋቸው ጊዜ የተገዛችውን ትልቋን ትሪ አወጡ። ሁሉም ከበበ። አቶ አለምሰገድ ተነሡና ከብፌው ውስጥ አንድ ሳህን አወጡ፤ ድርሻቸውን ቆንጥረው በሳህኑ አድርገው፣ መስኮቱ ሥር ሄደው በሹካ በሉ። ከዚያ ሳህናቸውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ወደ ቦታው መለሱ።

በእኛ ዘንድ ሳህን የሚለይ ሰው ወይ የተጣላ ነው፣ ወይ የሚጋባ በሽታ ያለበት ነው። አማታቸው አቶ ኦይታ “ልጄ፣ አመመህ እንዴ ለብቻህ የምትበላው?” ሲሏቸው አቶ አለምሰገድ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረችው ዕድላዊት “እንግዳው በሳህን ከበላ እኔም በሳህን እበላለሁ” ብላ ድርሻዋን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ምን እንዳጠፉ የገባቸው በሦስተኛው ቀን እህታቸው “ጋሼ፣ ሳህን ለየህ እኮ” ስትላቸው ነው። ወዲያው ተቀመጡና ግንባራቸውን ያዙ። “እጄ ነው ሻሺ፣ እኔ አይደለሁም” አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ አለምሰገድ ከዚህ ዓለም የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፦ ልጃቸው አንድ ቀን ከእሳቸው ጋር በአንድ ትሪ እንድትበላ። አልበላችም። ሲቀመጡ ትነሣለች፤ ሲጠሯት ጠግቤያለሁ ትላለች። ምሳቸውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይነኩ ጠብቀዋት፣ በሌላ በር ገብታ በሳህኗ በልታ የወጣችበት ቀን ቁጥር የለውም። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጧትም። “ልጅቷ ልክ ናት። እኔ ነኝ የደከመኝ” ይሉ ነበር።

የከተማው ሰው ደግሞ ደሴቶቹን አውራን እያለ ያስቸግራቸው ነበር። “ገነት ነው አይደል?” ሲሏቸው “ሽንኩርት መላጥ ነው። ደሴቱ ይለያያል እንጂ ሽንኩርቱ ያው ነው” ይላሉ። አባያ ዳር የአሳ አጥማጆችን ሞተር እየጠገኑ፣ ከእነሱ ጋር ከአንድ ሰፌድ ላይ አሳ በእጃቸው እየበሉ ዋሉ። እዚያ እጃቸው ይታዘዛቸው ነበር፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን ሳህን የሚያነሡ እየመሰላቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጡ ነበር። ይህን ማየት ልብ ይሰብራል።

ካሌብ በሐዋሳ ሥራ ያዘ። ዕድላዊት ነርስነት ተምራ በ2010 ዓ.ም. አባቷ በተወለዱበት በገረሴ በጤና ጣቢያ ተቀጠረች። በዚያው ዓመት የአቶ አለምሰገድ ድምፅ ይሻክር ጀመር። አርባ ምንጭ ታይተው ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ የጉሮሮ ካንሰር መሆኑ ተነገራቸው። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ምግብ በጉሮሯቸው መውረድ አቆመና ፈሳሽ ብቻ በቱቦ እንዲወስዱ ሆነ። ድምፃቸውም ጨርሶ ጠፋ፤ የሚፈልጉትን በደብተር ላይ እየጻፉ ያሳዩን ነበር።

ዕድላዊት ፈቃድ ጠይቃ ከገረሴ ወረደች። በቀን አምስት ጊዜ አጥሚቱን አጥልላ፣ በስሪንጅ ለክታ፣ በቱቦው የምትሰጣቸው እሷ ሆነች። ከእሳቸው ጋር አልበላም ያለች ልጅ አጉራሻቸው ሆነች። እጇ ቀጥ ያለ የሐኪም እጅ ነበር፤ አታወራም፣ አታለቅስም። እሷ ራሷ መቼ እንደምትበላ ማናችንም አናውቅም ነበር።

እሑድ መጋቢት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. አቶ አለምሰገድ ደብተሩን አንሥተው “አንቺ ዛሬ ምን በላሽ?” ብለው ጻፉ። ምንም አለች። “እዚህ ብዪ” ብለው ጻፉ። ጓዳ ገብታ ሽሮና ጎመን በሳህን ይዛ መጣች። ሳህኑን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷ ምን እንዳሉ አልገባትም፤ ወይም ገብቷት እንዳልገባት ሆነች። ወይዘሮ ማሚቱ ግን ተነሥተው ትልቋን ትሪ አመጡና ሳህኑን ገለበጡበት፤ ትሪውንም በአልጋው ላይ በአባትና በልጅ መካከል አስቀመጡት።

አቶ አለምሰገድን እጃቸውን አስታጠብናቸው። ከዚያ ምንም መዋጥ የማይችሉት ሰው እንጀራውን ቆረሱ፣ ሽሮውን አጠቀሱ፣ ለልጃቸው ዘረጉ። ዕድላዊት “አባባ” አለች። ከተመለሱ በኋላ በዚህ ስም ስትጠራቸው የመጀመሪያዋ ነበር። ጎረሰች። ደግመው ቆረሱላት። እያለቀሰች፣ እየዋጠች፣ ትሪው እስኪያልቅ በላች፤ እሳቸውም እስከ መጨረሻው ከትሪው ላይ እጃቸውን አላነሡም። ሲያበቃ በደብተሩ ላይ “ጠገብኩ” ብለው ጻፉ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ቀን ኖሩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ትሪው በየቀኑ አልጋው ላይ ይቀርብ ነበር። ሐሙስ ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ከምሳ በኋላ፣ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ሚያዝያ 4 ቀን ቤተሰባቸውና ወዳጆቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል።

አቶ አለምሰገድ የወይዘሮ ማሚቱ ኦይታ ባለቤት፣ የካሌብና የዕድላዊት አባት፣ የሻሺቱ ወልደየሱስ ወንድም ነበሩ። ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ያስታመማችሁልን፣ ዛሬም አብራችሁን የቆማችሁ ሁሉ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ወንድማችን በጣም ደክሟቸው ነበር። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እዚያም ለብቻቸው አያስቀምጥብን።