የክንፉ ሙጫ እንዲደርቅ

ይድረስ ለእትዬ፦ ከነልጆችሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ሳልጽፍልሽ የቆየሁት እጄ ሙጫ በሙጫ ሆኖ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከአባታችን ጋር የምንሠራው የፋይበርግላስ አውሮፕላን ክንፉ ደረሰ። ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል፤ ሙጫውም አልደርቅ አለኝ። ስለዚህ የከሰል ምድጃ ወርክሾፑ ውስጥ አስገብቼ መስኮቱን ዘጋሁ።

«ልጄ፣ ትንሽ ክፈተው፤ ራሴን አመመኝ» አሉኝ አባባ።

«ሙቀቱ ይወጣል፤ ትንሽ ይታገሱኝ» ብዬ ዕቃ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ ወለሉ ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። ጎትቼ አውጥቼ ሐኪም ቤት አደረስኋቸው። ሐኪሙ የከሰሉ ጭስ እንደሆነ ነገረኝ፤ ነፍሳቸውም ተረፈች።

አሁን ማሞቂያውን ውጭ አድርጌ ንጹሕ ሙቅ አየር ብቻ በቱቦ አስገባለሁ። ክንፉም ጠንክሮ ወጣ። አባባ ደህና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። ትናንት ክንፉን እየዳሰሱ «የማን አውሮፕላን ነው?» አሉኝ።

«የእኛ ነው እንጂ፣ አባባ!»

«ጎበዝ! አባትህ እንዴት ይኮራብህ!» ብለው መረቁኝ። ቀልድ ያውቃሉ መቼም፤ እኔም ሳቅሁ።

እትዬ፣ ስትደውዪላቸው ማን እንደሆንሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። መስመሩ ጥሩ አይደለም።

ሰላምሽ ይብዛልኝ፤ ታናሽ ወንድምሽ።