ያልተካሄደው ግጥሚያ

ኅዳር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ሶዶ

ዛሬ ከአባባ ጋር ሻንቶ ሄደን የጋሽ ዳናን ለቅሶ ደረስን። ሁለቱም በየዘመናቸው የባንታም ክብደት የቦክስ ሻምፒዮን ነበሩ፤ ተጋጥመው ግን አያውቁም። ቢጋጠሙ ማን ያሸንፍ ነበር እያሉ ሲከራከሩ ኖሩ።

ሟች በሚወደስበት ሜዳ አባባ መሐል ገብቶ፣ “ይኼ ሰው ይጥለኝ ነበር!” ብሎ ጮኸ።

“አሁን አይሰማኝም ብለህ ነው ያመንከው?” አሉት አንድ ሽማግሌ። ሰዎች ሳቁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ “ለለቅሶው ያህል ነው አይደል?” አልኩት።

“ሦስተኛው ዙር ላይ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። አብረን ስንለማመድ አይቶኛል። አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት አላነሳብኝም።”

እኔ ሁልጊዜ የምፈርደው ለአባባ ነበር። ጋሽ ዳና ፈገግ ብለው ዝም ይሉኝ ነበር።