ስህተቱን የሚጽፍ ቡድን

ጳጉሜ 1፣ ሰኞ

እስከ ዓርብ ምረጪ ተባልኩ። ቡድናችን ፈርሷል። ማንም አልተባረረም፤ ለዚህ ተመስገን። እያንዳንዳችን ወደምንፈልገው ቡድን ማመልከት እንችላለን። ለእኔ የሚሆኑኝ ሁለት ናቸው፤ የሄኖክ የማከማቻ ቡድንና የጽዮን የጥገና ቡድን። ሁለቱም እዚሁ ደብረ ታቦር ሆኜ እንድሠራ ፈቅደዋል። አባዬ ካረፈ ወዲህ እማዬን ብቻዋን መተው አልችልም፤ ይህን ሳልለምን ስለተረዱኝ አመሰግናቸዋለሁ። ግን ማመካኛም አሳጡኝ። አሁን መምረጥ ያለብኝ በራሴ ምክንያት ነው።

ሥራዬን ለእማዬ ማስረዳት አቅቶኛል። የሆስፒታሎች መዝገብ በአራት ከተማ ባሉ ሰርቨሮች ተባዝቶ ይቀመጣል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይረከባል፤ እኔ ቅብብሉ እንዳይቋረጥ እጠብቃለሁ። እሷ ለጎረቤት “ልጄ ኮምፒውተር ጠባቂ ናት” ትላለች። ከእኔ ማብራሪያ የእሷ ይሻላል።

ሄኖክ ደወለ። እስከ ፋሲካ ድረስ አለቃዬ ነበር፤ የሌላ ሰው ኮድ በትዕግሥት ማንበብን ያስተማረኝ እሱ ነው። “ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? እኛ ጋ ጣጣ የለም” አለኝ።

ጣጣ የለም። ቀኑን ሙሉ ይህችን ቃል ሳላምጥ ዋልኩ።

ጳጉሜ 2፣ ማክሰኞ

ዝናብ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጎረቤታችን መምህር አያሌው ባትሪያቸውን በጃንጥላ ሸፍነው አመጡልኝ። “አንቺ ሥራ ከምትፈቺ እኔ ሬዲዮ ባልሰማ ይሻላል” አሉ። እግዜር ይስጣቸው።

በእሳቸው ባትሪ ከጽዮን ጋር በቪዲዮ ተነጋገርን። አይቻት አላውቅም ነበር። “እርስዎ” ስላት ሳቀች። “ኧረ አንቺ በይኝ፤ ያን ያህል አላረጀሁም።” አፌ እምቢ አለኝ። ሦስቴ አንቱ ብያት አራተኛው ላይ ተሳካ።

ስለ ቡድናችሁ ምን ላንብብ አልኳት። መግለጫ ትልክልኛለች ስል የስህተት መዝገባቸውን ላከችልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የራሷ ነው። “የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) በየወሩ እንዲቀመጥ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ደንበኞቻችን በእኛ አቆጣጠር ስለሚጠይቁ የወሮቹን ስም ራሴ ጻፍኩ። አሥራ ሁለት ጻፍኩ። ጳጉሜን ረሳኋት። የአምስት ቀን መዝገብ ሳይቀመጥ ቀረ። የተወለድኩት በጳጉሜ ነው።” ብቻዬን ሳቅሁ።

ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ሳቄ ቆመ። አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ከዚህ በፊት ከሠራቸው ስህተቶች አንዱን ነው።

እንግዲህ እዚህ ልጻፈው። ታኅሣሥ ላይ የሙከራውን ሰርቨር የዘጋሁ መስሎኝ የአንድ ሆስፒታል ሰርቨር ዘጋሁ። አርባ ደቂቃ የበሽተኛ ካርድ አልተከፈተም። በዚያው ሰዓት እዚያ መብራት ተቆራርጦ ስለነበር ሪፖርቱ “የመብራት ችግር” ተብሎ ተዘጋ። የተጎዳ ሰው እንደሌለ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከዚያ ዝም አልኩ። ዘጠኝ ወር ሊሆነው ነው።

ሄኖክ ጋ ከሄድኩ ተቀብሮ ይቀራል። ጽዮን ጋ ከሄድኩ ልጽፈው ነው። ወይም ሌላ ትንሽ፣ የማታሳፍር ስህተት መርጬ እጽፋለሁ። ይህንንም አስቤበታለሁ።

ጳጉሜ 3፣ ረቡዕ

ሩፋኤል። ፈቃድ ወስጄ እማዬን ለጉልበቷ ወንዛዬ ይዣት ሄድኩ። ፍል ውሃው በሰው ተጨናንቋል። ተራ አስጠባቂ የለም፤ የመጣ ሰው “መጨረሻ ማነው?” ብሎ ከዚያ ሰው ኋላ ይቀመጣል።

እማዬ ገብታ፣ ታጥባ፣ ወጥታ፣ ለብሳ ከጨረሰች በኋላ ከእብናት ወደመጡ አንዲት አሮጊት ዞር አለች።

“እትዬ፣ ተራው የእርስዎ ነበር። ሲያንቀላፉ አልፌዎት ገባሁ።”

ማንም አላየም ነበር። እኔ እንኳ።

“ምነው ብትቀሰቅሽኝ?”

“ጉልበቴ አቻኮለኝ።”

“የታመመ ጉልበት እንዲህ ከቀደመኝ፣ ሲድን ማን ሊይዝሽ ነው!”

ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ። አሮጊቷ ጀርባቸውን እንድታሻቸው ፈረዱባት። እሷም ተመልሳ ገብታ አሸቻቸው።

አውቶቡስ ውስጥ ለምን ነገርሻቸው አልኳት። “እያየኋቸው መሄድ ከበደኝ” አለችና እንቅልፍ ወሰዳት።

ጳጉሜ 4፣ ሐሙስ

ለሄኖክ ደወልኩ። ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ የወጣው ግን ይኸው ነው፤ “የታኅሣሡ መብራት አልነበረም። እኔ ነኝ።”

 

“አውቃለሁ” አለ። “ሪፖርቱን የጻፈው ማን ሆነና? አባትሽን በቀበርሽ በሳምንቱ ነበር። ስምሽን እንዴት ልጻፈው?”

ብቻዬን የተሸከምኩት ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም ይዞልኝ ኖሯል፤ አንድ ቀን ሳያነሳብኝ። አመሰገንኩት። ደግሜም አመሰገንኩት። ከዚያ ልጽፈው እንደሆነ ነገርኩት።

“ከጻፍሽው የእኔም ውሸት አብሮ ይወጣል።”

“ስምህን አልጠራም።”

“ሪፖርቱ ላይ አለ እኮ፣ አንቺ ሞኝ!” ሳቅ ይሁን ትንፋሽ አልለየሁትም። “እስከ ነገ ጊዜ ስጪኝ።”

ሰጠሁት።  ክፉ እየመለስኩለት ይሆን? ለእኔ ብሎ ያደረገውን ነው የማፈርሰው። እማዬ ደረጃውን ሳትደገፍ ወረደች፤ ዛሬ ደስ ያሰኘኝ ይህ ነው።

ጳጉሜ 5፣ ዓርብ

ጠዋት ከሄኖክ መልእክት፤ “ጻፊው። የእኔን ከሥር እኔው እጨምራለሁ።” ሌላ ምንም የለም። ተቀይሞኝ ይሆን?

ሦስቴ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ይቅርታ ብቻ ሆነ። ሁለተኛው ሐቀኛ ነኝ የሚል ጉራ አለበት። በሦስተኛው ምን እንዳዘዝኩ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳየሁና ዝም ማለቴን ብቻ ጻፍኩ። ለሁሉም ክፍት የሆነው የስህተት መዝገባቸው ላይ አስገብቼ ለጽዮን ላክሁላት። “ይህን ካነበብሽም በኋላ ከፈለግሽኝ፣ ምርጫዬ የእናንተ ቡድን ነው” አልኳት።

መስኮቱ ሥር ስመላለስ እማዬ አየችኝ። “ማንን ነው የምትጠብቂው?”

“አዲሷን አለቃ።”

“ትምጣ፣ በሶ አለ።”

ጽዮን ከሰዓት በኋላ መለሰች። ወይ አይዞሽ ወይ ወቀሳ ነበር የጠበቅኩት። የላከችው ጥያቄ ነው፤ “ትእዛዙን ስትሰጪ ሁለቱን ሰርቨሮች የሚለይ ምልክት ስክሪኑ ላይ ነበር?”

ተቀመጥኩ። አስታወስኩ። ሁለቱም ጥቁር መስኮት ነበሩ፤ ስማቸው የሚለየው በመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ምን ዓይነት ሰው ነኝ እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ይህን አንድ ጊዜ አልጠየቅኩም።

“አልነበረም” ብዬ መለስኩ።

“ዛሬም የለም። ሌላ ሰው ሳይሳሳት ሰኞ ከእሱ ትጀምሪያለሽ።”

ትጀምሪያለሽ አለችኝ። ደጋግሜ አነበብኩት።

ሄኖክም የራሱን ጨምሯል። ሁለት መስመር ናት። ለማንበብ እስካሁን አልደፈርኩም፤ ግን ስሙን ከስሜ ሥር ሳየው ተመስገን አልኩ።