ሐኪሙ ያሰረልኝ ቀለበት

አለሜ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸኝ ሁለት የሲግድ በዓል አለፈ። በሁለቱም አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ ወጥቼ፣ ከሕዝቡ ጋር ጾሜ ውዬ፣ መጨረሻ ላይ ዳቦው ሲቆረስ ስምህን በልቤ ጠርቼ ተመልሻለሁ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበትን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። እኔ እንዴት እንደሆንኩ ግን ልንገርህ። ለሌላ ሰው ብናገር ወይ ያዝንልኛል፣ ወይ ይስቅብኛል፣ ወይ ደረጃው ላይ ቆሞ ያወራብኛል። አንተ ቢያንስ አታወራም።

ያቅለሸልሸኛል አለሜ። ጠዋት ስነሳ ያቅለሸልሸኛል፤ የጎረቤት የሽንኩርት ጥብስ ሽታ በደረጃው ሲመጣ ያቅለሸልሸኛል፤ አውቶቡሱ ከሰፈራችን ከቂርያት መናሔም ወደ ከተማ ሲጠማዘዝ አንጀቴም አብሮ ይጠማዘዛል። ከቦርሳዬ ሎሚና የላስቲክ ከረጢት የማይጠፋ ሴት ሆኛለሁ። ምራቅ አፌን ይሞላዋል፣ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይወተፋል፣ ከዚያ ወይ ይወርዳል ወይ ይወጣል፤ የትኛው እንደሆነ እስካውቅ ድረስ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። ሞት አይደለም፤ ሞትን ባንተ አይቼዋለሁ። ግን ሰው እንዲህ ሆኖ ውሎ ሲገባ “ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?” የሚለው ካጣ ቀኑ በጣም ይረዝማል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ ከሄድክ በኋላ ወፈርኩ። ሌላው ሰው ሲያዝን ይከሳል፤ እኔ ባዘንኩ ቁጥር በላሁ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም አለ። ቀጥሎም ያንተን እግር የበላው ስኳር እኔም ደም ውስጥ ተገኘ። ያኔ ፈራሁ። የእግር ጣቶችህ አንድ በአንድ ሲሄዱ ቁስሉን ያጠብኩት እኔ ነኝና ምን እንደሚከተል የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። ሐኪሙ በኦፕራሲዮን ሆድሽ ውስጥ ቀለበት እንሰርልሽ ሲለኝ፣ እሰረኝ አልኩት።

ቀለበት ነው የሚሉት። በዕብራይስጡ ታባአት ነው፤ የጣቱም የሆዱም ስሙ አንድ ነው። የጨጓራን አናት እንደ ስልቻ አፍ ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ ጥቂት ስትበላ በቃኝ ያሰኝሃል። አንተ እንኳ ቀለበት አላሰርክልኝም። በእኛ ሰፈር ቄሱ ግንባርህ ላይ ቀይና ነጭ ክር አሰሩ፣ እኔን በበቅሎ አመጡልህ፣ አለቀ። እዚህ ከመጣን በኋላ የሰዉን ጣት አይተህ ልግዛልሽ ወይ ብለኸኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ይሻለኛል አልኩህ። ብታየኝ ኖሮ በስተርጅና ቀለበት አማረሽ ብለህ ስትስቅብኝ ትከርም ነበር።

ኦፕራሲዮኑን ከልጃችን ከሲጋል በቀር ለማንም አልነገርኩም። በተለይ ለእህትህ ለእትዬ የሺ እንዳትናገሪ ብዬ አስጠነቀቅኳት። እትዬን ታውቃቸው የለ? እግዚአብሔር የሰጠሽን ሆድ በቢላ አስቀደድሽ ብለው ያለቅሳሉ። ለእሳቸው የወፈረ ሰው ደላው ማለት ነው፤ የከሳ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተበድሏል። ድኜ ስነሳ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሲጋል አሁን ወታደር ናት። አማርኛዋ ግን አንተ ትተሃት በሄድክበት ነው ያለው፤ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን ከዕብራይስጡ እየቀዳች ነው። እኔ ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለ እትዬ የሺ ወደ ቤት ደወሉ። ልጅቱ መዋሸት አትችልም፤ መናገርም ተከልክላለች። ኦፕራሲዮን የሚለውን ቃል ዘለለችና ሌላውን በንጹሕ አማርኛ ነገረቻቸው፦

“እማዬ ቀለበት አሰረች። ዶክተሩ ነው ያሰረላት። አሁን እሱ ጋ ናት፣ እሁድ ትመጣለች።”

እትዬ ስልኩን ዘጉት።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅኩም። ያወቅኩት ዓርብ ከሰዓት ሆኖ እትዬ መቅረታቸውን ብቻ ነው። አንተ ከሞትክ ጀምሮ ሰንበት ሳይገባ ከላይኛው ሕንፃ ድስታቸውን ይዘው ይወርዱ ነበር፤ አንድ ትሪ ላይ ቀርበን እስኪመሽ እንበላለን። አበላላቸውን ታውቃለህ፣ አንዴ ጎርሰው ሁለት ታሪክ ይነግሩሃል። የሚያወሩትም ሁሉ ስላንተ ነበር። በሚቀጥለውም ዓርብ ቀሩ። ስደውል አያነሱም። የታመሙ መስሎኝ ሰው ብልክ፣ ደኅና ነኝ ብላችሁ ንገሯት አሉ።

አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አንዲት የሰፈራችን ሴት አጠገቤ ተቀምጣ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። መክሳቴን አይታ ነው ብዬ፣ አሜን፣ ሐኪሙ ጎበዝ ነው፣ ገና ነው እንጂ እየለመድኩት ነው አልኳት። ሦስት ፌርማታ እንደሄድን አቅለሸለሸኝና ከረጢቴን አወጣሁ። ቀና ስል ዓይኗ ሆዴ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ያገባሁና ያረገዝኩ መስሏት መሆኑ፣ የእትዬም መቅረት ነገር የበራልኝ። ቤት እንደገባሁ ለሲጋል ደውዬ ለአክስትሽ ምን ብለሽ ነበር ብላት፣ ቃል በቃል ደገመችልኝ፤ እንዲያውም እንዴት አድርጌ እንደደበቅኩልሽ አየሽ ብላ ኮራች። እስኪያስመልሰኝ ሳቅኩ። ስቄ ስጨርስ ተናደድኩ። በልጅቱ አይደለም፣ በእህትህ ነው። እኔ ጥሩወርቅ አንተን ቀብሬ ዓፈሩ ሳይደርቅ ሐኪም አገባለሁ ብለው እንዴት አመኑ? አንድ ጊዜ ቢጠይቁኝ ምን ነበር? ካላመኑኝ ይቅር አልኩና እኔም ወደ በራቸው አልሄድኩም።

ማቅለሽለሹም ከዚያ ወዲህ ባሰ። እዚህ ላይ የምነግርህ ነገር የሞኝ ነገር ነው። ስለ አበላል የምታስተምረኝ ነርስ፣ በሻይ ማንኪያ ትንሽ ትንሽ፣ ማንኪያሽን በየጉርሻው አስቀምጪ፣ አላምጪ፣ ዋጪ፣ ጠብቂ፣ ተቀምጠሽ ግማሽ ሰዓት ብይ ብላኛለች። ቃሏ አይከብድም። ግን ተቀምጬ ግማሽ ሰዓት ከማን ጋር? እኛ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ወንበሩን ስቤ ስቀመጥ ያንተ ወንበር ከፊት ለፊቴ ይሆናል። የእትዬም ባዶ ነው። ስለዚህ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ፣ ጀርባዬን ለጠረጴዛው ሰጥቼ፣ ሰው እንደሚያባርረው ሰው ቶሎ ቶሎ እውጥና እጨርሳለሁ። ቀለበቱ ደግሞ የቸኮለ ጉርሻ አያሳልፍም። ደረቴ ላይ ይቆማል፣ ልጋጌን ያዝረከርካል፣ ይመለሳል። እንጀራማ ጭራሽ አይሞከርም።

ሐኪሙ በራጅ አየው። ቀለበቱ ከቦታው አልተነቃነቀም አለ። እስከ ፋሲካ ማስመለሱ ካልተወሽ አላላዋለሁ፣ ያም ካልሆነ እናወጣዋለን አለኝ። ቢያወጣው ጉልበቴም ስኳሬም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አንተ ሄደህበታል። ለምን እንደሚያቅለሸልሽሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ብቻዬን ስለምበላ ነው ብለው ምን ይጽፍልኛል?

ከእሱ ስወጣ ሁልጊዜ የኢትዮጵያ መንገድ ወደሚሉት ጎዳና እታጠፋለሁ፤ ሆዴ ረግቶ አውቶቡስ እስክሳፈር እዚያ እቆያለሁ። የኢትዮጵያውያኑ ገዳም ያለበት ነው፤ ግንቡ ከፍ ያለ ነው፣ ጥላ አለው፣ መኪናም አይበዛበትም። ጎዳና ጠራጊ ሆነህ ስትሠራ ያን መንገድ መጥረግ የደረሰህ ጊዜ ማታ ቤት ገብተህ መጥረጊያ የያዘ እጅህን እያየህ “ዛሬ ኢትዮጵያን ሙሉ ጠርጌ መጣሁ” ያልከንን ሲጋል እስከ ዛሬ ትደግመዋለች። ባለፈው እዚያ ስደርስ ያዘኝ። ከረጢቴን ረስቼ ነበር። የገዳሙን በር አልፌ እስከ ማዕዘኑ ድረስ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ሮጥኩ። አንተ የጠረግከው መንገድ ላይ አላስመልስም ብዬ ነው። የታጠፍኩበት ላይ አንድ የቆሻሻ በርሜል አገኘሁና ተገላገልኩ። እንባዬም አብሮ ወረደ። ማንም አላየኝም፤ ያም ነው ያስለቀሰኝ።

ገና እንደመጣን መቫሰረት ጽዮን፣ የአዲስ ገቢዎች መቀበያው ጣቢያ ሳለን ሲጋልን አርግዤ እንዲህ ይለኝ እንደነበር ታስታውሳለህ? የምግብ አዳራሹ የተቀቀለ ዶሮ ሽታ ገና ከሩቅ ያዞረኝ ነበር። አንተ የሁለታችንን ሳህን ይዘህ ወደ ውጭ ትወጣና ደረጃው ላይ ትቀመጣለህ። ብይ አትለኝም። ዝም ብለህ ቀስ እያልክ ትበላለህ፣ ስለማላውቃቸው ስለ ልጅነትህ በሬዎች ታወራኛለህ፣ እኔም ሳላውቀው ሳህኑ ይጎድል ነበር። ያኔ የሚያድነኝ ወሬህ መሆኑ አልገባኝም።

ባለፈው ዓርብ በሩ ተንኳኳ። እትዬ የሺ ነበሩ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው። ግቡ ብላቸው አልገቡም። ድስትም አልያዙም። ከደፉ ላይ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው፣

“የወንድሜን ጋቢ ስጪኝ” አሉ። “ሌላ ወንድ አይለብሰውም።”

ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። ቆሜ የዋጥኩት ድንች ግን ቀደመኝ። ወደ ማጠቢያው ሮጬ አጎነበስኩ። ነፍሴ ልትወጣ ስትል ግንባሬን የሚይዝ እጅ ተሰማኝ። መልሶ መልሶ እስኪለቀኝ ድረስ ግንባሬን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ፊቴን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስንት ወሩ ነው አሉኝ።

ክፉኛ ተናድጄ ነበር፣ ግን ድካሙ አሸነፈው። እጃቸውን ወስጄ ጠባሳዬ ላይ አኖርኩት። “ቀለበቱ እዚህ ነው ያለው እትዬ” አልኳቸው። “ሐኪሙ ያሰረው ሆዴን ነው።”

መጀመሪያ ስለመቀደዴ ተቆጡኝ፣ እንደጠበቅኩትም አለቀሱ። ቀጥሎ ወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አሁንም የሚያለቅሱ መስሎኝ ስጠጋ እየሳቁ ነው። የእኔ ደግሞ ባሰ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ሰንበት ሊገባ ሲል እንደ ልጃገረድ ተንከተከትን። ሳቃችን ሲበርድ፣ ወንድሜን የረሳሽው መስሎኝ ነው፣ እኔስ ከማን ጋር ላስታውሰው አሉ። የቀሩት ለዚህ ነው አለሜ። እሳቸውም በላይኛው ሕንፃ ብቻቸውን ነበሩ።

ከዚያ የቀረውን ድንች ፈጭተው በሻይ ማንኪያ አቀረቡልኝ፣ እኔም ከፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። በልጅነትህ ጎተራ ውስጥ ገብተህ ተኝተህ አገሩ በችቦ ሲፈልግህ ያደረውን አወሩልኝ። ስንቴ እንደሰማሁት አንተም ታውቃለህ። ማንኪያዬን አስቀምጬ ሰማሁ፣ ዋጥኩ፣ ደግሞ ሰማሁ። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ሳይመለስብኝ የበላሁት የመጀመሪያው ራት ነው።

እያወሩ ግን እጃቸው ሶፋው ላይ የታጠፈውን ጋቢህን ጫፍ ይዳብስ ነበር። ጀርባቸው ላይ አዝለው አሳድገውህ፣ ካንተ ነገር አንዲት ክር እንኳ እጃቸው ላይ እንደሌለ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ሲነሱ አንስቼ አለበስኳቸው። አይሆንም፣ ያልኩትን ተይው፣ ላንቺ ይሁን አሉ። እኔ እስካሁን ለብሼው የተኛሁት ይበቃኛል አልኳቸው። የደረጃውን ብረት ይዤ እስከ ላይኛው ሕንፃ በር ሲወጡ አየኋቸው። ከኋላ ሲታዩ አካሄዳቸው ያንተ ነው።

በዚያ ሌሊት በረደኝ፣ እውነቱን ልንገርህ። እትዬ ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ፣ ሲጋልም በየሁለት ሰንበቱ። ሌላው ቀን ግን ሌላ ቀን ነው፤ ቤቱ ዝም ይላል፣ ሽንኩርቱም ይሸታል፣ ማቅለሽለሹም ይመጣል። ሐኪሙ ቀለበቱን ያላላው አያላላው ገና አላወቅኩም። ደኅና ሆንኩ ብዬ አልዋሽህም።

ግን ከዛሬ ጀምሮ ቆሜ አልበላም። ወንበሬን ስቤ፣ ካንተ ወንበር ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። አንድ ማንኪያ ጎርሼ አስቀምጣለሁ፣ እስክውጥና እስኪወርድልኝ ድረስ ያለችው ጊዜ ያንተ ናት። በአንዷ በሬዎችህን፣ በአንዷ መጥረጊያህን፣ በአንዷ ደረጃው ላይ የበላነውን አስባለሁ። ነርሷ ቀስ ብለሽ ብላኛለች። ቀስ ብዬ አስታውስሃለሁ። ወደ አንተ ለመምጣትም አልቸኩልም አለሜ፣ አትቀየመኝ።

ጥሩወርቅህ