በክንፉ ላይ የቀባሁት መስቀል

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 2011

ዛሬ በምሠራበት ሙዚየም የአሮጌውን አውሮፕላን ቀኝ ክንፍ ቀብቼ ጨረስኩ። የጀርመን ጦር ምልክት የሆነው ጥቁር መስቀል ጠርዙ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። አለቃዬ ወዶታል።

አውሮፕላኑ ግን የጀርመን አይደለም። ባለፈው እሑድ ከፓይለቱ ወንበር ሥር ያገኘሁትን በፈረንሳይኛ የተጻፈ የብረት ሰሌዳ በስልኬ አንስቼ ለጎረቤቴ ለጋሽ ካሪም አሳየኋቸው። አልጄሪያዊ ናቸው።

«ንድፉ የጀርመን ይሁን እንጂ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ ነው የተሠራው» አሉኝ። የአውሮፕላኑን ፎቶ ሲያዩ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ፈረንሳዮች ሲወጉን ይኼ በመንደራችን ላይ ይዞር ነበር። ቦምብ አይጥልም። ቀስ ብሎ አይቶን ይሄዳል። የሚጥሉት ከኋላው ይመጣሉ» አሉ።

ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ለአለቃዬ ነገርኩት።

«ሰው ቲኬት የሚገዛው የጀርመን ሲሆን ነው። የአልጄሪያን ጦርነት ማን ያውቀዋል?» አለኝ።

እሺ ብዬ የመስቀሉን ጠርዝ የሚከልለውን ቴፕ ለጠፍኩ። አልተናደድኩም። ምንም አልተሰማኝም።

ከሥራ ስመለስ ጋሽ ካሪምን ኤሊቬተር ውስጥ አገኘኋቸው።

«ምን ቀለም ቀባችሁት?» አሉኝ።

«ገና ነው» አልኳቸው። ጥቁሩ ቀለም ጥፍሬ ውስጥ ስላለ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«እዚህ ነው የአውሮፕላን ሥራ የለመድከው ወይስ አገርህ?»

«አገሬ» አልኩ። አየር ኃይል ሳለሁ ቦምቡን ከጦር አውሮፕላኖቹ ክንፍ ሥር የማስረው እኔ እንደነበርኩ አልነገርኳቸውም። ፓይለቶቹ የት ጥለውት እንደሚመለሱ አንድ ቀንም ጠይቄ አላውቅም።

ነገ ግራ ክንፉን እቀባለሁ።