ዋናው ቧንቧ የሚያልቅበት ጥግ

ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ዝም ብለሽ ቻልሽው? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጆቹስ ትምህርቱ እንዴት ይዟቸዋል? ትንሿስ አሁንም ከእቅፍ አልወርድም ትላለች? እኛ፣ እማዬ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር፣ ሁላችንም ጤነኞች ነን። ጤና ያጣው ሰፈራችን ነው።

ውሃው ገባላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ነገሩ እጅ እጅ ስላለኝ ሳልጽፍልሽ ቆይቻለሁ፤ እንግዲህ ከመነሻው ልንገርሽ።

ሻጩ ቦታውን ሲያሳየን ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ "ውሃና መብራት እንደገባ ቁጠሩት" ብሎን ነበር። እኛም ቆጠርነው። ቤቱ አልቆ ገባንበት፣ ውሃው ግን ዛሬም ነገም የለም። ዋናው ቧንቧ ፋርማሲው ጥግ ላይ ያልቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለነው ሁሉ በጀሪካን ነበርን። መብራትም ስለሌለ የእንጨት መላጊያ ማሽኔ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ እማዬ የጀሪካን መደርደሪያ አደረገችው። እኔ በእጅ መላጊያ አንድ በር ስታገል፣ ደንበኛዬ ሌላ አናጢ ዘንድ ሄዶ አሠርቶ ይገጥማል።

ሰፈሩ ተሰብስቦ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሊቀመንበር አደረጉኝ። በብልህነቴ እንዳይመስልሽ፤ ለስብሰባው ወንበር ይዞ የመጣው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

ውሃ መሥሪያ ቤት ሄድን። ኃላፊው መስመሩን ማስረዘም የሻጩ ግዴታ ነው አለን። ሻጩ ዘንድ ስንሄድ "እኔ የሸጥኩት መሬት ነው፣ ቧንቧ የመንግሥት ነው" አለ። የነባሩን ሰፈር ሰዎች እንዲተባበሩን ብንለምን ደግሞ አንዲት ጡረተኛ ነርስ ተነስታ፣ "የእኛን ቦይ እኛው ቆፍረን ነው ያስገባነው፤ የእናንተን ደግሞ በእኛ ቢል ላይ ልትጭኑ ነው?" ብላ አፋችንን አስያዘችን። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ሁሉም ሲናገር እውነት አለው፣ ውሃ ግን የለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው ለእኛ ስብሰባ ነው።

በመጨረሻ ራሳችን አዋጥተን ልንዘረጋ ተስማማን። አንድ ሰው ብቻ እምቢ አለ፤ በአጥር የምንዋሰነው የአውቶቡስ ሾፌር። "የውሃውን ዋጋ ቦታውን ስገዛ ከፍያለሁ፤ ሁለተኛ አልከፍልም" አለ። ከዚያ ወዲህ ስሙ አልከፍልም ሆኖ ቀረ።

ቧንቧው ገብቶ ገና እልል ሳንል፣ ኃላፊው መጥቶ መስመሩ ከዛሬ ጀምሮ የሕዝብ ንብረት ነው አለን። ማንም የቆጣሪውን ብቻ ከፍሎ ከመስመሩ ውሃ ማስገባት ይችላል ማለት ነው። አልከፍልም ወዲያው ማመልከቻ አስገባ። ሰፈሩ ነደደ፣ እኔም ከሁሉ ብሼ ነደድኩ። ቆጣሪው እስኪገባለት ድረስ ማንም ጠብታ ውሃ እንዳይሰጠው በገዛ አፌ አስወሰንኩ።

ኮሚቴው እየዞረ ሲቆጣጠር፣ በአጥር ላይ ወደ አልከፍልም ግቢ የተሻገረ የውሃ ጎማ ተገኘ። ተከትለን ብንሄድ መነሻው የእኔው ቧንቧ ሆኖ አረፈው። ገንዘብ ያዣችን ሳቁ አላስችል ብሎት ፊቱን አዞረ። እኔ መሬት ብትሰነጠቅ እገባባት ነበር። ለካ የሰውየው ሚስት ወልዳ ኖሯል። እማዬን ምን ነካሽ ብላት፣ "አራስ በምን ትታጠብ? በኮሚቴ?" አለችኝ።

በማግስቱ አልከፍልም ራሱ መጣ። ጥል ፍለጋ መስሎኝ ነበር። "የተጣላሁት ከእናንተ ጋር አይደለም" አለኝ። "ዛሬ ለውሃ ካዋጣን ነገ ለመብራት፣ ከነገ ወዲያ ለመንገድ እናዋጣለን። እምቢ የሚል ሰው ከጠፋ ሻጩ ምን ገዶት?" እኔ ግን የአራሷ ነገር ትዝ ብሎኝ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።

ለመብራቱ እሱን ከፊት አድርገን፣ የሽያጭ ውላችንን ይዘን ከተማው አስተዳደር ገባን። ሻጩ ተጠርቶ የመብራት ምሰሶ እስኪያቆም ድረስ ገና ያልሸጠውን ቦታ እንዳይሸጥ ታዘዘ። እሱም ምሰሶዎቹን አቆመ። አሁን ምሰሶ አለን፣ ሽቦ የለንም፤ ሽቦው አይመለከተኝም ይላል። መብራት ኃይል ሄደን ስንከራከር ደግሞ ሹሙ መነጽሩን አውልቆ፣ ለምክር ያህል በለሰለሰ ድምፅ፣ "ውጭ አገር ዘመድ የላችሁም እንዴ?" አለን። አንቺ ውጭ መኖርሽን ስለሚያውቁ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ክፉ ቃል ሳይወጣኝ ብዬ ተነስቼ ወጣሁ።

ለእማዬ በስልክ የሽቦውን እኔ እልካለሁ እንዳልሻት ሰምቻለሁ። እታለም፣ እባክሽ እንዳትልኪ። ለመድኃኒቷ ስትልኪ እጄን ዘርግቼ ተቀብያለሁ፣ አላፍርበትም። ይሄ ግን ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስታጥቢ እጅሽ እየተላጠ ያገኘሽውን ለእነዚህ ሰዎች ከሰጠናቸው፣ ለሚቀጥለው ሰፈር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ማን ዘመድ አላችሁ የሚል ይሆናል። ይህን ሳነብላት እማዬ ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ "ለእጇ ጓንት ትግዛበት" አለች።

ማክሰኞ ተመልሰን እንሄዳለን። ያች ጡረተኛ ነርስም አብሬያችሁ እመጣለሁ ብላለች። ምን አገኛት ብለን ብንጠይቅ፣ ልጇ ከእኛ በላይ ያለውን ቦታ ገዝታ ኖሯል።

ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን አጎትህ አልረሳህም በይው፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ናፍቆቷ ይድረስሽ፤ ልጃችን ስምሽን መጻፍ ችላለች። እማዬ ምርቃቷን ልካለች፤ ሁሉንም ብጽፈው ወረቀቱ አይበቃም። አልከፍልምም በአጥሩ በኩል ለማን ነው የምትጽፈው ብሎኝ ለእህቴ ብለው፣ "በእኔ በኩል ሰላም በላት። እንዳትከፍልም ንገራት" ብሏል።

ወንድምሽ

ከአዲሱ ሰፈር፣ ከፋርማሲው ወዲህ
እሑድ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን